ግራናይት፣ ኳርትዝ፣ እብነበረድ ወይስ ፖርስሊን? ርድና ምጣድ ለማያጣው ኪችን የቱ ይሻላል

ኪችን ሊያድስ ያሰበ ሰው ሁሉ ስለ ካውንተር ቶፕ፣ ማለትም ካቢኔቱ ላይ ስለሚገጠመው መስሪያ ፊት፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ነው የሚያምረው" ብሎ ነው፣ ሾውሩም ውስጥ መብራት ሲበራበት ግን ሁሉም ያምራል፣ ፎርማይካው ራሱ ያምራል። እኔ የምጠይቀው ወጡ የት ነው የሚሰራው ብዬ ነው። ግቢ ያለው ቤት ከሆነና ቁሌቱም እንጀራውም ቅቤ ማንጠሩም ውጪ ማድ ቤት የሚያልቅ ከሆነ፣ ውስጥ ያለው ኪችን ስራው ሻይ ማፍላትና ምግብ ማሞቅ ነው፣ እዛ ላይ ደስ ያላችሁን አስገጥሙ፣ ነጭ እብነበረድም ቢሆን። ኮንዶሚኒየም ወይ አፓርታማ ከሆነ ግን ሁሉም ነገር እዛችው 3 ሜትር ላይ ነው የሚሰራው፣ ሽንኩርቱ እዛ ይከተፋል፣ ነጭ ሽንኩርቱ እዛ ይወቀጣል፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱም እዛው ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ ምርጫው ሌላ ይሆናል።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ። ግራናይት ከተራራ ተቆርጦ የሚወጣ ድንጋይ ነው፣ ከህንድ ምናምን የሚመጣ አለ፣ እዚሁ ሀገራችን ከሐረር አካባቢ ከነባቢሌ የሚወጣም አለ። እብነበረድም የተፈጥሮ ድንጋይ ነው፣ የቤንሻንጉሉን ዳለቲ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ኳርትዝ ግን የፋብሪካ ምርት ነው፣ 90 ከመቶ የሚሆነው የተፈጨ ድንጋይ ሆኖ ሬዚን በሚባል የፕላስቲክ ማጣበቂያ ተጣብቆ የሚሰራ፣ ቴክኖሎጂው በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ጣልያን ውስጥ ብሬቶን የሚባል ኩባንያ ያመጣው ነው። ፖርስሊን ስላብ ወይ ሲንተርድ ስቶን የሚሉት ደሞ የሸክላ አፈርና ማዕድን በከባድ ፕሬስ ተጨፍልቆ 1200 ዲግሪ አካባቢ የተተኮሰ ነው፣ ዴክተን የሚባለው ብራንድ በ2013 እ.ኤ.አ ከወጣ ወዲህ ነው በደንብ የታወቀው። ፎርማይካ በሬዚን የተነከረ ወረቀት ተጨፍልቆ ችፑድ ወይ ኤምዲኤፍ ላይ የተለጠፈ ነው። እንጨት እዚህ ውስጥ አላስገባሁም፣ ቶሎ ቶሎ ዘይት ካልተቀባ ሲንኩ ጋ ይጠቁራል፣ ለኛ ኪችን አይሆንም በቃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ርድ። እኛ ቤት የካውንተር ቶፕ ጠላት ቁጥር አንድ ርድ ነው፣ በርበሬ እንኳን ቶሎ ከተጠረገ ይለቃል። ሻጩ "ምንም አይነካውም" ሲላችሁ ዝም ብላችሁ ቁራጭ ጠይቁት፣ የትኛውም ድንጋይ ቆራጭ ቤት በር ላይ የተከመረ ቁራጭ አለ። ቤት ወስዳችሁ አንድ ማንኪያ ርድ በዘይት በጥብጡና ጠብ አድርጉበት፣ አጠገቡ ግማሽ ሎሚ ገልብጣችሁ አስቀምጡ፣ ጠዋት በላርጎና በስፖንጅ እጠቡት። ነጭ ኳርትዝ ወዲያው ቢጠረግ ምንም አይሆንም፣ ካደረ ግን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሊቀርበት ይችላል፣ ቀስ እያለ ይጠፋል ግን ያናድዳል። ሲለር (ድንጋይ ፈሳሽ እንዳይጠጣ የሚቀባ) ያልተቀባ ነጣ ያለ ግራናይት ይጠጣዋል፣ ጠቆር ያለውና ዝንጉርጉሩ ላይ ደሞ ቢጠጣም አይታይም። እብነበረዱን ተዉት። ፖርስሊኑ እዚህ ጋ ያሸንፋል፣ ታጥቦ እንዳልነበረ ይሆናል።

ሎሚው ያለበት ጋ ደሞ እዩ። እብነበረድ በተፈጥሮው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ አሲድ ሲነካው ይበላል፣ ስለዚህ ግማሿ ሎሚ ያደረችበት ቦታ ላይ ክብ የደበዘዘ ምልክት ታገኛላችሁ፣ እጃችሁን ብታስኬዱበት ልስላሴው ሄዷል። ይሄ ቆሻሻ ስላልሆነ በሳሙና አይለቅም፣ በማሽን እንደገና መወልወል አለበት። "ሲለር ከቀባነው ችግር የለውም" የሚሉ አሉ፣ ሲለር ዘይትና ቀለም እንዳይገባ ይረዳል እንጂ አሲድ አያስቆምም። ኮምጣጤ፣ ቲማቲም፣ ኮካ፣ የኮመጠጠ የእንጀራ ሊጥ፣ ሁሉም ያው ናቸው። በነገራችን ላይ ይቺ የሎሚ ነገር ሌላም ጥቅም አላት፣ ግራናይት ነው ብለው የሚሸጡላችሁ ድንጋይ በሎሚ ከደበዘዘ ግራናይት አይደለም።

ሙቀት ላይ ኳርትዝ ወደ ኋላ ይቀራል። ድንጋዩ አይደለም ችግሩ፣ የሚያያይዘው ሬዚን ነው፣ ወደ 150 ዲግሪ ሲደርስ መጎዳት ይጀምራል፣ ከምድጃ የወረደ ድስት ቀጥታ ስታስቀምጡበት ሊቀየር ወይ ሊሰነጠቅ ይችላል። እንጀራ የሚጋግር ምጣድ ከ200 ዲግሪ በላይ ነው የሚሞቀው፣ እግሩ አጭር የሆነውን ሰዓታት ሙሉ ኳርትዝ ላይ አድርጎ መጋገር ማለት ገንዘብን መጋገር ነው። ከስሩ ወፍራም ማስቀመጫ ካላደረጋችሁ ወይ ለምጣዱ የራሱ ጠረጴዛ ከሌለው ኳርትዝ አትግዙ። ግራናይት ሙቀት ይችላል፣ ግን የከሰል ምድጃ ቀጥታ አስቀምጡበት ማለቴ አይደለም፣ አንድ ቦታ ብቻ በጣም ሲሞቅ ድንጋይም ይሰነጠቃል። ፖርስሊን ሙቀት በደንብ ይችላል። ፎርማይካ ላይ ትኩስ ድስት አንዴ ተቀመጠ ማለት ክብ ጥቁር ምልክት ለዘላለም ማለት ነው።

እስካሁን ፖርስሊን እየመራ ይመስላል አይደል? ሙቀጫ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚቀየረው። ፖርስሊን ፊቱ ጠንካራ ነው ጠርዙ ግን ይሸረፋል፣ በተለይ ሲንኩ ዙሪያ፣ ሙቀጫ ወይ ብረት ድስት ጠርዙን ገጭ ካደረገው ቁራሽ ይነሳል፣ የላይኛው ዲዛይን ደሞ ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ የታተመ ስለሆነ የተሸረፈው ቦታ ውስጡ ሌላ ቀለም ሆኖ ይታያል። ሌላው ደሞ ቆራጩ ነው። ግራናይት የሚቆርጥ ሰው በየሰፈሩ አለ፣ 12 ሚሊ ፖርስሊን ሳይሰነጥቅ ቆርጦ፣ ጠርዙን 45 ዲግሪ ሰያፍ ቆርጦ አያይዞ፣ የሲንክ ቀዳዳ አውጥቶ የሚሰጥ ግን እንደልብ አይገኝም። ሰራሁ የሚላችሁን ሰው በስልክ ፎቶ አትመኑት፣ የሰራበት ቤት ሄዳችሁ የሲንኩን ጥግ በጣታችሁ ዳስሱ።

ጥቁር ግራናይት ለምትወዱ (ብዙ ሰው ይወዳል፣ እኔ ብዙም ነኝ፣ አቧራውም ዱቄቱም የውሃ ጠብታውም ቁልጭ ብሎ ነው የሚታይበት) አንድ ነገር ልንገራችሁ። ግራጫ ድንጋይ ቀለም ተቀብቶ ጥቁር ተብሎ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ፈግፍጉት፣ ጨርቁ ከጠቆረ ተቀብቷል ማለት ነው፣ ጥላችሁ ውጡ። ውሃም ጠብ አድርጋችሁ 10፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ድንጋዩ ላይ ጠቆር ያለ እድፍ ከሰራ ይጠጣል፣ ሲለር ይፈልጋል፣ በየጊዜው እየታደሰ።

ስለ ዋጋ ቁጥር አልጠራም፣ ዛሬ የነገርኳችሁ በሚቀጥለው ወር አይሰራም። ግን ሻጩ በካሬ ነው ወይስ በሜትር የሚጠራላችሁ? መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። የተለመደው ስፋት 60 ሳንቲም ስለሆነ አንድ ሜትር ርዝመት ማለት 0.6 ካሬ ነው፣ 3 ሜትር ኪችን 1.8 ካሬ ነው የሚሆነው። አንዱ በሜትር ሌላው በካሬ ሲጠራ ርካሽ የመሰላችሁ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ከዛ ውፍረት፣ 2 ሳንቲም ነው 3? ጠርዝ ማለስለሻው፣ የሲንክና የምድጃ ቀዳዳው፣ ማጓጓዣና መግጠሚያው ውስጡ አለ ወይስ ለብቻ? ይሄን ሁሉ ወረቀት ላይ አስጽፉ።

ክብደቱንም አስቡ፣ አራተኛ ፎቅ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። 2 ሳንቲም ግራናይት በካሬ 54 ኪሎ ገደማ ነው፣ ያቺ 3 ሜትሯ ወደ 100 ኪሎ ትጠጋለች፣ 3 ሳንቲም ከሆነ ወደ 145 ኪሎ። ደረጃው ጋ መዞር ስለማይችል ለሁለት ይቆረጣል፣ ስለዚህ መጋጠሚያው የት እንደሚሆን እናንተ ወስኑ፣ ሲንኩ መሀል እንዳያደርጉት፣ ውሃ የሚገባው በሱ ነው። 12 ሚሊ ፖርስሊን በካሬ 30 ኪሎ ገደማ ስለሆነ እዚህ ጋ ደሞ ጥቅም አለው። ካቢኔቱ ያረጀ ችፑድ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አጠናክሩ።

ቁረጣውን ቤታችሁ ውስጥ እንዳታስደርጉ። የኳርትዝ አቧራ ውስጡ ሲሊካ በጣም ስለሚበዛ ቆራጮቹን ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን የሳንባ በሽታ ነው የሚያሲዛቸው፣ አውስትራሊያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ የፋብሪካ ድንጋይን እስከመከልከል የደረሰችው ለዚህ ነው። የግራናይቱም አቧራ ደህና አይደለም። በውሃ እየቆረጡ ውጪ ጨርሰው ያምጡት፣ ጭምብል የሌለው ልጅ በደረቁ ግራይንደር ሲያስነሳ ካያችሁ ደሞ ዝም አትበሉ።

እንግዲህ ምረጪ ብባል፣ አንድ ኪችን ብቻ ላለውና ሁሉንም ወጥ እዛው ለሚሰራ ቤት ግራናይት ነው የምለው፣ መካከለኛ ቀለም፣ ዝንጉርጉር፣ ፊቱ ማት የሆነ። አሁን ፋሽኑ ማት ስለሆነ ድሮ ሁሉም ቤት የነበረውን የሚያብረቀርቅ ግራናይት አይመስልም፣ ዘመናዊ ነው። ነጭ ከግራጫ ጅማት ጋር የግድ ነው ካላችሁና ምጣዱ ሌላ ቦታ ካለው ኳርትዝ ውሰዱ፣ ሲለር አይፈልግም፣ ግን በረኪናና ሽቦ ከኪችኑ ይውጡ፣ መስኮት ስር ፀሀይ ቀጥታ የሚመታውም ቦታ አይሁን፣ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይላል። ጎበዝ ቆራጭ ላገኘና ብር ላለው ፖርስሊን። ለሚከራይ ቤት ፎርማይካ ምንም አይልም፣ ሲንኩ ዙሪያ ሲልከኑን በደንብ ካስሞላችሁ ያገለግላል፣ ውሃ ከገባው ግን ችፑዱ ያብጣል። አሜሪካ ያላችሁ ደሞ ኪችናችሁ ትንሽ ከሆነ ሙሉ ስላብ ከመግዛታችሁ በፊት ቆራጮቹ ጋ ከሌላ ሰው ስራ የተረፈ ካለ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ በጣም ቀንሰው ነው የሚለቁት።

ካቢኔቱ ሳይገጠም ማንም ልኬት እንዳይወስድ፣ ግድግዳችን ቀጥ ያለ አይደለም። ቁመቱን 90 ሳንቲም ነው ስታንዳርዱ ብለው ይሰሩላችኋል፣ ካውንተሩ ላይ ምድጃ ተቀምጦ እሱ ላይ ትልቅ ድስት ተጥዶ ቆመው የሚያማስሉት እናት አጠር ያሉ ከሆኑ 85 አስደርጉ፣ ትከሻቸው ያመሰግናችኋል። ድንጋዩ ከካቢኔቱ 2፣ 3 ሳንቲም ወጣ ይበል፣ ከስሩም ውሃ ማንጠባጠቢያ መስመር ያስገቡበት። ለሲንኩ የተቆረጠው ቁራጭም የናንተ ነው፣ በካሬ ከፍላችሁበታል፣ ግራናይት ከሆነ ጠርዙን አስለስላችሁ ይዛችሁ ግቡ፣ ትኩስ ድስት ማሳረፊያ ይሆናል።