ጊታሬን የጊልሞር ላድርጋት ብዬ 14 ወር፦ የሰራውም ያልሰራውም

መጀመሪያ ዕቃውን ልንገራችሁ። ጊታሯ ሜክሲኮ የተሰራች ፌንደር ፕሌየር ስትራቶካስተር ናት፣ ጥቁር፣ ያገለገለች ነው የገዛኋት። ብሪጁ (ክሮቹ ታች የሚያርፉበት) ጋ ያለውን ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን) አውጥቼ ሴይሞር ደንካን ኤስኤስኤል-5 አስገባሁ፣ የኔኩን (አንገቷ ጋ ያለውን) ፒክአፕ ከብሪጁ ጋር የምታገናኝ ትንሽዬ ስዊች አስገጠምኩ፣ የትሬሞሎውን ዘንግ (ኖታውን የምታወዛውዙበትን ብረት) አስቆረጥኩ፣ ነጩን ፒክጋርድ (ፊቷ ላይ ያለውን ፕላስቲክ) በጥቁር ቀየርኩ፣ የክሩን ውፍረት ከ9 ወደ 10 አሳደግኩ። ይሄ ሁሉ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ ጊታሪስት የዴቪድ ጊልሞርን ሳውንድ ፍለጋ ነው። አሁን 14 ወር ሞላኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ሆቴል ላይም ቤትም በየቀኑ ነው የምጫወትባት፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ሳምንት ሞቅታ አይደለም የምጽፈው።

ጥቁሯን ስትራት፣ የጊልሞርን ጊታር፣ የማያውቅ ካለ ባጭሩ፦ ጊልሞር በፈረንጆቹ 1970 ኒው ዮርክ ማኒስ የሚባለው የሙዚቃ መሳሪያ ሱቅ ነው የገዛት፣ ከዛ በኋላ እድሜ ልኳን ስትፈታና ስትገጠም ነው የኖረችው። በ1974 ጥቁር ፒክጋርድ፣ ቀጥሎ ብሪጁ ላይ የዲማርዚዮ ፒክአፕ፣ በ1979 ደግሞ ሴይሞር ደንካን የሰራው ገባ፣ አሁን ኤስኤስኤል-5 እየተባለ የሚሸጠው የሱ ዝርያ ነው። አንገቷ ስንቴ እንደተቀየረ ተዉት። በ80ዎቹ መጀመሪያ ካህለር የሚባል ትሬሞሎ ለማስገባት እንጨቷ ሁሉ ተቦርቡሮ በኋላ ተደፍኗል። በ2019 ክሪስቲስ ጨረታ ላይ 3,975,000 ዶላር ተሸጠች። እኔ እንግዲህ የሷን ታናሽ እህት ልሰራ ነው የተነሳሁት፣ በስንት ብር እንደሆነ ባለቤቴ ስለምታነብ አልናገርም።

ፒክአፑን የአክስቴ ልጅ ከዲሲ ስትመጣ ነው በሻንጣ ያመጣችልኝ፣ ካልሲ ውስጥ ጠቅልላ። የመጀመሪያው ችግር ማን ይገጥመዋል የሚለው ነበር። እኔ ሶልደር ይዤ አላውቅም፣ እጄም ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ጊታርም ኪቦርድም ሚክሰርም እሰራለሁ የሚል ሰው ጋ ወሰድኳት። ሁለት ቀን ያለው ሶስት ሳምንት ፈጀ፣ ይሁን፣ ለምደነዋል። ቤት መጥቼ ስሰካት ብሪጁ ለብቻው አሪፍ ነው፣ ትንሿን ስዊች አብርቼ ኔኩን ስጨምርበት ግን ድምፁ ቅጥን አለ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ የሚያወራ ነው የሚመስለው፣ ቤዙ የለም፣ ውፍረቱ የለም። ደወልኩለት። "እንደሱ ነው'ኮ ሳውንዱ ወንድሜ፣ ቪንቴጅ ነው" አለኝ። አመንኩት! ሁለት ወር ሙሉ ቪንቴጅ ነው እያልኩ ለሰው አሰማሁበት።

ነገሩ ቪንቴጅ ሳይሆን ፌዝ (phase) የሚባለው የሽቦ አቅጣጫ ጉዳይ ነው። ሁለት ፒክአፕ አንድ ላይ ሲበራ የአንዱ ሽቦ ከሌላው ተገላቢጦሽ ከተያያዘ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋና ቀጭኑ ብቻ ይቀራል። የተለያየ ፋብሪካ ፒክአፕ ስትቀላቅሉ የሚያጋጥም ነው፣ መፍትሄውም የአዲሱን ፒክአፕ ሁለት ሽቦ ቦታ ማቀያየር ነው፣ በቃ። ይሄን ያወቅኩት አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በስልኬ ስለ ሽቦ ሳነብ ነው። የሰፈር ራዲዮ ጠጋኝ ጋ ሄጄ አሳየሁት፣ ጋሼ ጊታር በሕይወታቸው ከፍተው አያውቁም፣ መነፅራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አየት አደረጉና አስር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። "ማነው ይሄን ሊድ እንደ ቂጣ ያፈሰሰው?" ብቻ አሉኝ።

እሺ ከተስተካከለ በኋላስ? ፒክአፑ እውነት ለመናገር ጥሩ ዕቃ ነው። የተለመደው የስትራት ፒክአፕ ስትለኩት 6 ኪሎ ኦም አካባቢ ነው፣ ይሄ ወደ 13 ይጠጋል፣ ማለት ሽቦው በብዛት ተጠምጥሟል፣ ጉልበቱ ይጨምራል፣ መሀለኛው ድምፅ ይወፍራል፣ ያ የስትራት ብሪጅ ጆሮ የሚበሳው ነገር ለዘብ ይላል። በክሊን (ፔዳል ሳይበራ፣ ንፁህ) ድምፅ ስጫወት ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል፣ እንደውም ከጊልሞር ይልቅ ለኛ ዘፈኖች ነው የጠቀመኝ፣ ሳክስፎኑ በሌለበት ማታ የሳክሱን መስመር በጊታር ስይዝ አሁን አያፍርም።

ግን ፔዳል (በእግር የሚበራ የድምፅ መቀየሪያ) ሲበራ ጉዳዩ ይቀየራል። የጊልሞር የሚንሳፈፈው ሶሎ ውስጥ ቢግ ማፍ የሚባል ፔዳል አለ፣ ቢግ ማፍ ደግሞ የገባለትን ሁሉ ጨፍልቆ ደጋግሞ ቆርጦ ነው የሚያወጣው፣ በዛ ወንፊት ውስጥ ካለፈ በኋላ የ6ም የ13ም ፒክአፕ አንድ ቤት የተወለዱ ነው የሚመስሉት። ይሄንን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ ቅደም ተከተሉ ይቀየር ነበር። ሌላው ደግሞ አምፑ (የድምፅ ማጉያው) ነው። ጊልሞር የሚጠቀመው ሃይዋት የሚባል 100 ዋት ነው፣ በጣም ጮክ ተደርጎ ግን ሳይሰነጠቅ፣ ንፁህ ሆኖ። እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ከጎኔ ጨቅላ ልጅ ያላቸው ጎረቤት አሉ፣ አምፔ ያለችው 20 ዋት ናት፣ እሷም ቮልዩሟ ቁጥር 2 ላይ። በዛ ድምፅ ቢግ ማፍ ስታበሩ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ ነው። ያዳነኝ ከማፉ በኋላ ሌላ ርካሽ ኦቨርድራይቭ ፔዳል ማስገባት ነው፣ ጌይኑን (የመሰንጠቅ መጠኑን) ዝቅ፣ ቮልዩሙን ከፍ፣ የጠፋውን መሀለኛ ድምፅ መልሶ ያመጣዋል። ጊልሞርም ራሱ ማፉን ከሌላ ድራይቭ ጋር አደራርቦ ነው የሚጠቀመው። ይቺ የገበያ ርካሽ ፔዳል ከፒክአፑ በላይ አስጠግታኛለች፣ ስናገረው ያናድደኛል ግን እውነት ነው።

ስለ ጩኸቱም ሳልናገር አልለፍ። ፒክአፑ ነጠላ ኮይል (አንድ የሽቦ ጥምጥም ብቻ ያለው) ነው፣ ጉልበት ሲጨምር እዝዝዝ የሚለውም አብሮ ይጨምራል፣ የኛ ቤት ሶኬት ደግሞ ሶስት ቀዳዳ ይኑረው እንጂ ኧርዙ የውሸት ነው፣ ከኋላው የተያያዘ ሽቦ የለም። ክሩን በእጄ ስነካ ይቀንሳል፣ ስለቅ ይመለሳል፣ በተለይ ማታ የጎረቤት መብራት ሁሉ ሲበራ። ስለዚህ በሁለት ሀረግ መሀል ቮልዩሙን በትንሽ ጣቴ መዝጋት ለመድኩ። ሆቴሉ ጋ ይሄ ችግር የለም፣ ስለዚህ ፒክአፑን አትውቀሱት፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሶኬታችሁን በኤሌክትሪሺያን አስመርምሩ።

ትንሿ ስዊች፦ አምስት ቦታ ያለው የፌንደር ስዊች ኔክና ብሪጅን አንድ ላይ አይሰጥም፣ ይቺ ትሰጣለች፣ ድምፁ ክብ ያለ፣ ደወል ደወል የሚል፣ ደስ የሚል ነው። በወር አንዴ ብጠቀምባት ነው። አሁን ደግሞ ላልታ ትዞራለች፣ ብሎኗን ማጥበቅ አለብኝ። ጥቁሩ ፒክጋርድ ለድምፅ ምንም አያደርግም፣ ፎቶ ላይ ግን ያምራል፣ አልዋሽም።

አሁን ወደ ዘንጉ። ይሄን ነው በደንብ ልነግራችሁ የፈለግኩት። የስትራት ትሬሞሎ ዘንግ ረጅም ነው፣ ስትጫወቱ ወይ ይንጠለጠላል ወይ ወደ ኋላ ታዞሩታላችሁ፣ ስትፈልጉት እጃችሁ ይሄድለታል። የጊልሞር ግን ተቆርጦ 11 ሳንቲሜትር አካባቢ ብቻ ነው የቀረው። ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፣ ፋሽን መስሎኝ። ብረታ ብረት ቤት ወስጄ ልጁን ከዚህ ላይ ቁረጥልኝ ስለው ሁለቴ ጠየቀኝ፣ "እርግጠኛ ነህ? ይመለሳል እንዳይመስልህ" እያለ። በመጋዝ ቆረጠው፣ ጫፉን በሞላ (በመሳያው ድንጋይ) አለሰለሰልኝ፣ ነጩን ፕላስቲክ ጫፍ በሱፐር ግሉ መለስኩበት። የመጀመሪያው ሳምንት ሱፐር ግሉው ለቀቀና የተቆረጠው ብረት መዳፌን ቧጭሮኝ ፒክጋርዱ ላይ ደም ነበር፣ እንደገና ለጠፍኩ፣ እስካሁን ይዟል።

ካጠረ በኋላ ዘንጉ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ፒኩን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ይዛችሁ ዘንጉ በቀሩት ጣቶች ስር ይቀመጣል፣ ሁሌም እዛው ነው፣ ፍለጋ የለም። ከዛ ሳታስቡት ኖታው ሊሞት ሲል ትንሽ ትነካኩታላችሁ፣ ኖታው ይተነፍሳል። እኔ ቪብራቶ (ኖታን ማወዛወዝ) በግራ እጅ ብቻ ነበር የማውቀው፣ ፈጣንና ቁጡ፣ ፍየል እንደምትለው። በሁለት ወር ውስጥ የቀኝ እጄ ቀስ ያለ ቪብራቶ ለመደ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ብረቱ እዛ ስላለ ብቻ። ቤዚስታችን ስለ ፒክአፑ አንድም ቀን ምንም ብሎኝ አያውቅም፣ ዘንጉ የተቆረጠ ሰሞን ግን በእረፍት ሰዓት "ምን ሆነህ ነው ሰሞኑን የተረጋጋኸው?" አለኝ። ለመጋዙ የከፈልኩት የሁለት ማኪያቶ ነው።

ክሩም እንደዛው። ጊልሞር የሚጠቀመው ከ10 እስከ 48 ነው፣ እኔ በ9 ነበርኩ፣ ለስላሳ ስለሆነ ቤንድ (ክሩን ገፍቶ ኖታውን ከፍ ማድረግ) ይቀላል ብዬ። 10 ሲሆን ጣቴ ተላጠ፣ ሶስት ሳምንት ተሳደብኩ። ከዛ ስልኬ ላይ ቱነር ከፍቼ ቤንዶቼን መለካት ጀመርኩ፣ ውይ! አንድ ሙሉ ቶን አነሳሁ የምለው ሁሉ 20 እና 30 ሴንት (ግማሽ ቶን 100 ሴንት ነው) ጎድሎ ነው የሚያርፈው፣ ለዓመታት እንደዛ ስጫወት ኖሬያለሁ። ጊልሞር ሁለት ቶን ድረስ ይስባል፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ፣ እና የሚያርፈው ኖታው ላይ ነው እንጂ ኖታው አካባቢ አይደለም። በነገራችን ላይ እሱ የሚኖርበትን ኤ ማይነር ፔንታቶኒክ ብትቆጥሩት ከሲ የተነሳ ትዝታ ሜጀር ነው፣ አምስቱም ኖታ አንድ ነው፣ ማረፊያው ነው የሚለየው። ስለዚህ ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፣ ትዝታ ላይ ጎድሎ የሚያርፍ ዘፋኝ ብንሰማ ፊታችንን እንቋጥራለን አይደል፣ ጊታሪስቱን ግን ዝም እንለዋለን።

አንድ ቀን እኔና ቤዚስቱ ለፈተና ብለን ቀረፅን። አንድ አይነት ሶሎ በኔ ጥቁር ስትራት፣ ከዛ በሱ አሮጌ ያማሃ ፓሲፊካ ምንም ያልተነካች፣ ፔዳሉ አንድ፣ አምፑ አንድ፣ ዲሌዩ (ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግመው) አንድ፣ 440 ሚሊሰከንድ አካባቢ። ሳምንት አስቀመጥነውና ቅደም ተከተሉን ደበላልቆ አሰማኝ። የትኛው ይበልጥ ጊልሞር ነው ሲለኝ በድፍረት መረጥኩ፣ ፓሲፊካዋ ናት። ደግሜ መረጥኩ፣ አሁንም ፓሲፊካዋ። ሳየው ምክንያቱ ሌላ አይደለም፣ ሁለተኛ ነበር የቀረፅኩት፣ እጄ ሞቆ ነበር፣ ቤንዱም ልክ አርፏል፣ በኖታዎቹ መሀልም ዝም ብያለሁ። ክሊን ያደረግነውን ሲያሰማኝ ግን ከአምስት አምስቱንም ለየሁ፣ ስለዚህ ፒክአፕ ምንም አያመጣም የሚሉትንም አልቀበልም።

በዛ ላይ ሰውዬው ራሱ ማስረጃ ነው። ከ80ዎቹ መጨረሻ እስከ 1994ቱ ጉዞ ድረስ የያዘው ጥቁሯን አይደለም፣ ቀይ ስትራት ነው፣ ውስጡም ኢኤምጂ የሚባል በባትሪ የሚሰራ ፒክአፕ፣ ከኤስኤስኤል-5 ጋር ዝምድና የለውም። በ1979ኙ የዎል አልበም ላይ ስለ ግድግዳው ጡብ የሚዘፈነው፣ ሁላችሁም የምታውቁት ሁለተኛው ክፍል፣ ሶሎው ጭራሽ ስትራት አይደለም፣ 1955 የተሰራ ወርቃማ ጊብሰን ሌስ ፖል ነው፣ መጀመሪያ ላይ አምፕም ሳይኖረው ቀጥታ ሚክሰር ላይ ተሰክቶ። እኔ ያን ሶሎ ሰምቼ ነው'ኮ ስትራት የገዛሁት።

ብር ላላችሁና ልትገቡበት ለምታስቡ፣ እንደኔ አትጀምሩ። ክርና ቱነር ቀድሞ፣ ከዛ ዲሌይ፣ ከማፉ ኋላ የምትገባ ኦቨርድራይቭ፣ ዘንጉን ደግሞ የምትቆርጡት ትርፍ ዘንግ ገዝታችሁ ይሁን። ፒክአፑ መጨረሻ ላይ፣ እሱም ክሊን የምትጫወቱ ከሆነ። ፌንደር በ2008 የጊልሞር ሲግኔቸር (በስሙ የተሰራች) ብሎ ያወጣት አለች፣ ዘንጓም ተቆርጦ ነው የሚመጣው፣ ዋጋዋን አይቼ ስልኬን ዘጋሁ።

የአክስቴ ልጅ በዚህ ክረምት ትመጣለች፣ ምን ላምጣልህ ስትለኝ ሶስት ፓኬት ክር ብቻ ነው ያልኳት። አላመነችኝም፣ ታመምክ እንዴ አለችኝ። የድሮውን ፒክአፕ ልመልሰው ይሆን የሚለውንም አስቤው ነበር፣ ግን ለሱ እንደገና ሶልደር ያስፈልጋል፣ ጋሼ ደግሞ ሱቃቸውን ዘግተው ልጃቸው ጋ ሀዋሳ ሄደዋል፣ እስኪመለሱ ባለበት ይቀመጣል።