የፒያሳው መጻሕፍት መደብር ድረ ገጽ በስክሪን ሪደር ሲታዘዝበት

ፒያሳ የሚገኝ አንድ የመጻሕፍት መደብር በድረ ገጹ ትእዛዝ ተቀብሎ ቤት ድረስ ማድረስ መጀመሩን ስሰማ ከልብ ደስ አለኝ። ማየት የተሳነኝ በመሆኔ ኮምፒውተር የምጠቀመው ኤንቪዲኤ በተባለው ነፃ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው፤ አማርኛውን የሚያነብልኝ ደግሞ ኢስፒክ የተሰኘው ድምፅ ሲሆን፣ ደረቅ ቢሆንም ጆሮ ከለመደው በኋላ ፈጣን ነው።

መልካሙን ላስቀድም። የመጻሕፍቱ ስሞች በአግባቡ እንደ ርእስ ስለተሠሩ ኤች የምትለውን ፊደል እየተጫንኩ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው መዝለል ቻልኩ። ጽሑፉም በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት የተጻፈ ነው። ይህን አቅልዬ አላየውም፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ ለዓይን አማርኛ መስለው ለስክሪን ሪደር ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ የሆኑ፣ በአሮጌ ፎንት የተዘጋጁ ሰነዶች ዛሬም ይደርሱኛል።

ችግሩ የጀመረው ዋጋውን ስፈልግ ነው። ዋጋውና የቅናሽ ማስታወቂያው ፎቶ ላይ የተጻፉ ናቸው፤ ሊንክ ከሆነው ፎቶ ጋር ምንም ገላጭ ጽሑፍ ስላልተያያዘ የሰማሁት የፋይሉን ስም፣ ማለትም የቁጥር ክምር ብቻ ነው። የመግዣው ቁልፍም ስም ስላልተሰጠው በየመጽሐፉ ሥር "በተን" (ቁልፍ) ከማለት በቀር የሚነግረኝ የለም። ከሁሉ የከበደኝ ግን የመክፈያው ገጽ ነው። ሰፈር የሚመረጥበት ዝርዝር በማውስ ካልሆነ በኪቦርድ አይከፈትም። ታብን ደጋግሜ ብጫንም አልፎት ይሄዳል። በመጨረሻ የእህቴን ልጅ ጠርቼ፣ የሚስጥር ቁጥሬን ነግሬ አስከፈልኩ፤ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ቁጥር ለአንድ መጽሐፍ ብዬ መናገሬ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ለፎቶ ገላጭ ጽሑፍ ማስገባትም ሆነ ገጹን በኪቦርድ እንዲሠራ ማድረግ በዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ውስጥ በመጀመሪያው፣ ማለትም በዝቅተኛው ደረጃ የሚጠየቁ ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ኢንተርኔትን በስም ይጠቅሳል። ስለዚህ የምጠይቀው ውለታ አይደለም።

መጽሐፉ በማግሥቱ በጥሩ ሁኔታ ደረሰኝ፤ ስደውልላቸውም በትሕትና አናግረውኛል። ድረ ገጹን የሠራላቸው ባለሙያ በመጀመሪያ የሰፈር መምረጫውን፣ ቀጥሎም የቁልፎቹን ስም ቢያስተካክል፣ ዋጋውንም ከፎቶ አውጥቶ በጽሑፍ ቢያኖር ያለማንም እርዳታ ልገዛበት እችላለሁ። እስከዚያ ድረስ እንደኔ ላለ ደንበኛ በስልክ ማዘዙ ይሻላል።