«የስኳር ጥቅል» ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ

በጎንደር ከተማ አራዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሱቅ ውስጥ «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል» እየተባለ በ3,800 ብር የሚሸጥ ጥቅል አለ። ይህን የምጽፈው ጥቅሉን ለእናቴ በገዛ ገንዘቤ ስለገዛሁላቸውና ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያስከተለውን ስላየሁ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያንኑ ፌስታል አንጠልጥሎ ሲሄድ አይቼ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ጥቅሉ ውስጥ ሁለት ኪሎ «የስኳር ሕሙማን ዱቄት»፣ አንድ ኪሎ «የጫካ ማር» እና በትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ የተሞላ አረንጓዴ መራራ ዱቄት ይገኛል። ብልቃጡ ላይ የአምራች ስም፣ የይዘት ዝርዝር፣ የምዝገባ ቁጥርም ሆነ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አልተጻፈም።

ሰው የሚያዘው ግን በዕቃው ሳይሆን በደም ስኳር መለኪያው ነው። ሻጩ እናቴን «እማማ፣ አረፍ ይበሉ» ብሎ ወንበር ካቀረበላቸው በኋላ ማሩን በሳህን አምጥቶ በጣታቸው ጠንቆል አድርገው እንዲቀምሱት ጋበዛቸው። ቀመሱ፤ ጣታቸውንም በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። እሱም ወዲያው ያችኑ ጣት በመርፌ ወጋ አድርጎ ሲለካ መለኪያው 289 አለ፤ እናቴም ደነገጡ። ማታ ከመራራው ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ወስደው በማግሥቱ ማለዳ በባዶ ሆዳቸው እንዲመለሱ ተነገራቸው። ሲመለሱ ማር የሚባል ነገር አልቀረበም፤ ጣታቸው በአልኮል በራሰ ጥጥ ተጠርጎ ተለካ፤ 151 ሆነ። «በአንድ ሌሊት እንዲህ ካወረደ በወር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያስቡት» አለ። ተምሬያለሁ የምል ሰው ነኝ፤ ሆኖም ገንዘቡን ያወጣሁት እዚያው ቆሜ ነው።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ጣት ላይ የቀረ ማር ወይም የፍራፍሬ ጭማቂ ከደሙ ጠብታ ጋር ሲቀላቀል መለኪያው የሚያነብበው የደሙን ስኳር ብቻ ሳይሆን የጣቱንም ነው፤ ሐኪሞች ከመለካታችሁ በፊት እጃችሁን በውኃና በሳሙና ታጥባችሁ አድርቁ የሚሉትም ለዚህ ነው። ሕመሙ የሌለብኝ እኔ ቤት ውስጥ በራሴ ላይ ሞከርሁት፤ የታጠበው ጣቴ 94፣ ማር ነክቶ በጨርቅ የተጠረገው ጣቴ 261 አሳየ። በዚያ ላይ ቁርስ በልቶ የተለካን ቁጥር በባዶ ሆድ ከተለካ ቁጥር ጋር ማወዳደር በራሱ ምንም አያስረዳም። አንድ ነገር ስኳርን በእርግጥ ማውረዱን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ የሚባለውን የደም ምርመራ ማሠራት አለበት፤ ያ ምርመራ ደግሞ በአንድ ሌሊት የሚለወጥ አይደለም።

ጥቅሉ የሚሸጠው አስቀድመን ግማሽ በግማሽ የምናምነውን ነገር እየመለሰ ስለሚነግረን ጭምር ነው። ማር «የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» ይባላል፤ ነገር ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ንጹሕ መሆኑም ስኳርነቱን አያስቀረውም። ዱቄቱ «ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ የሚገኘው ፕሮቲን) ስለሌለው ለስኳር ፍቱን ነው» ይባላል። ዱቄቱ ቀይ ጤፍ ነው፤ ጤፍ ግሉተን እንደሌለውም እውነት ነው። ሆኖም ከግሉተን መራቅ ያለበት ሌላ ሕመም ያለበት ሰው ነው፤ የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ካርቦሃይድሬቱ ሲሆን መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት ይዟል። ጤፍ አትብሉ ማለቴ አይደለም፤ መጠኑ ተለክቶ ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን ጋር ሲበላ ጥሩ ምግብ ነው። እናቴ ግን «ስኳር የለውም» ስለተባሉ ያንኑ ዱቄት በቀን ሁለት ጊዜ ገንፎ እያስገነፉ፣ በማሩ እያጠቀሱ በሉት።

«መራራ ጣፋጭን ይገድላል» የሚለው አነጋገር ለምላስ እንጂ ለደም አይሠራም። ከዚህ የባሰው ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። በተለያዩ አገሮች የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች «ዕፅ ብቻ» ተብለው በተሸጡ ምርቶች ውስጥ ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን ተደብቆ አግኝተዋል፤ መጠኑ ያልታወቀ ክኒን ደግሞ ስኳርን ከልክ በታች አውርዶ ራስን እስከማሳት ይደርሳል።

ዋናው ጉዳት የመጣው «ይህን እየወሰዱ ክኒን አይቀላቅሉ» ከሚለው ትእዛዝ ነው። እናቴ ሐኪም ያዘዘላቸውን ሜትፎርሚን የተባለ የስኳር ክኒን አቆሙ። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ሲጠጡና ሲሸኑ አድረው ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው ቁጥሩ 412 ነበር። የእሳቸው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም፣ ማለትም ሰውነት ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን በመጠኑም ቢሆን የሚያመርትበት ስለሆነ ተረፉ እላለሁ፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ቢሆንና መርፌውን ቢያቆም ኖሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ስኳር የሀብታምና የወፍራም ሰው በሽታ ነው ለሚለው ሰው፣ የጎንደር ሐኪሞች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት በዚሁ በእኛ ዙሪያ ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ቀጫጭንና ድሃ ወጣቶች ብዙ መሆናቸውን መጻፋቸውን ላስታውስ። ጥቅሉ እነዚህ እጅ ሲገባ ምን እንደሚከተል ማሰብ ያስፈራል።

ሻጩ «ያለ መድኃኒት የዳኑ አሉ» ሲል ሙሉ በሙሉ አልዋሸም፤ አጭበርባሪ ሁሉ ቁንጥር እውነት ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የብሪታንያ ጥናት፣ በሁለተኛው ዓይነት ሕመም ከተያዙ ስድስት ዓመት ያልሞላቸውና ከመጠን በላይ ክብደት የነበራቸው ሰዎች በባለሙያ ክትትል ምግባቸውን በእጅጉ ቀንሰው፣ ግማሽ ያህሉ ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም ደረጃ በታች ሆኗል። ያን ያመጣው የክብደት መቀነስ ነው፤ ማርና ገንፎ አይደለም። ሃምሳ ሁለት ኪሎ የሚመዝኑት እናቴ ደግሞ የሚቀንሱት ክብደት የላቸውም።

ገንዘቤን ለማስመለስ ስሄድ «የባህል መድኃኒት ደረሰኝ አይቆረጥለትም» ተባልሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ደረሰኝ የሌለው ሸማች ግን ግዢውን ማስረዳት ይቸገራል፤ ስለዚህ ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ገና ገንዘብ ሳይቀበል ሐሳቡን ነግሯችኋል ማለት ነው። ብልቃጡን አልጣልሁትም፤ ለሚመለከተው ተቆጣጣሪ አካል ላስረክበው አስቀምጬዋለሁ።

በዚያው ቀን ከመውጣቴ በፊት አንድ አዛውንት ማሩን ቀምሰው ጣታቸውን ለመርፌው ሲዘረጉ ደረስሁና ሻጩን መጀመሪያ እጃቸውን ያስታጥባቸው ዘንድ ጠየቅሁት። «ዛሬ ውኃ የለም» አለኝ።