ሚድልስብራ የገዛሁት ቤት፤ ሁለት የብርድ ወቅት ከኖርኩበት በኋላ

ቤቱን የገዛሁት በማርች 2023 ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ከተማው ሚድልስብራ፣ ሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ። ከአልበርት ፓርክ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ከላይ ሁለት መኝታ፣ ከታች ሁለት ክፍል፣ ከኋላ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ መታጠቢያ። ዋጋው 84 ሺህ ፓውንድ። ለንደን ያለችው እህቴ ዋጋውን ስነግራት ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው እየደወለ ስለሚጠይቀኝ፣ ያየሁትን አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

ወደዚህ ከተማ መርጬ አልመጣሁም። በ2014 ጥገኝነት ስጠይቅ ማደሪያ የተሰጠኝ እዚህ ነው። ወረቀታችን ሲወጣ አብረውኝ የነበሩት ወደ ለንደንና ወደ በርሚንግሃም ሄዱ። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሥራ አግኝቼ ስለነበር ቀረሁ፤ እየዋልኩ እያደርኩ ከተማውን ወደድኩት። በ1801 እዚህ ይኖር የነበረው ሰው 25 ብቻ ነበር። በ1830 ባቡር ገባ፣ በ1850 ኤስተን ተራሮች ውስጥ የብረት ማዕድን ተገኘ፣ ከዚያ በኋላ ነው ለሠራተኛ የሚሆኑ ተያያዥ ቤቶች በየመንገዱ የተደረደሩት። በ1932 የተከፈተውን የሲድኒን ትልቅ ድልድይ የሠራው ዶርማን ሎንግ የዚህ ከተማ ድርጅት ነበር። ጎረቤት ከተማ ሬድካር ያለው የብረት ማቅለጫ ግን በ2015 ተዘጋ። ቤቱ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ሥራው ሄዶ ቤቱ ቀረ።

መጀመሪያ ያየሁት ቤት ይሄ አልነበረም። ሌላ ቤት በ79 ሺህ ተስማምተን፣ ቤቱን ለሚመረምረው ባለሙያ፣ ለሰርቬየር፣ 450 ፓውንድ ከፍዬ፣ አምስት ሳምንት ከጠበቅኩ በኋላ ኤጀንቱ ደውሎ "ሌላ ሰው ሦስት ሺህ ጨምሯል" አለኝ። ቃል ሰጥተውኝ አልነበረም ወይ ብዬ አለቀስኩ። እንግሊዝ አገር ሁለቱ ወገኖች ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ሻጩም ገዢውም አይታሰሩም። ይህን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። 450ውም አልተመለሰም።

አሁን የኛን ሰው በቀጥታ ወደሚመለከተው ልምጣ፤ ዕቁብ። ለቅድሚያ ክፍያ የሚያስፈልገኝ 8,400 ነበር፣ ማለትም 10 በመቶ። ከግማሽ ጥቂት የሚበልጠው ላይፍታይም አይሳ ከሚባለው የቁጠባ ሒሳብ ነው። መክፈት የሚችለው ከ18 እስከ 39 ዓመት ያለ ሰው ነው፤ በዓመት እስከ 4,000 ድረስ ካስቀመጣችሁ መንግሥት ሩቡን ይጨምርላችኋል። ለቤት ግዢ ለመጠቀም ግን ከመጀመሪያው ገቢ በኋላ አንድ ዓመት መሙላት አለበት፣ ስለዚህ ቤት ባታስቡም ዛሬ ጥቂት አስገብታችሁ ክፈቱት። ሌላው 4,000 የዕቁብ ብር ነው። ሃያ ሰው ነን፣ በወር 200 ፓውንድ።

የቤት ግዢውን የያዘችልኝ ጠበቃ፣ ሶሊሲተሯ፣ የባንክ ወረቀቴን ስታይ ከአንድ ሰው በአንድ ቀን የገባ 4,000 ፓውንድ አገኘች። "ይህ ሰው ማነው? ስጦታ ነው ወይስ ብድር?" አለችኝ። ስጦታ ከሆነ ሰጪው መፈረም አለበት፤ ብድር ከሆነ ባንኩ ማወቅ አለበት። ሁለቱም አይደለም፣ የራሴ ገንዘብ ነው አልኳት። ዕቁብ ምን እንደሆነ በስልክ ማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ያዳነኝ አንድ ነገር ነው፤ ከመጀመሪያው ለቤት እንደማስቀምጥ ለዳኛችን ነግሬያቸው ዕጣዬን የመጨረሻ እንዲያደርጉልኝ ለምኛቸው ነበር። ስለዚህ ብሩ እጄ ሲገባ ሃያውንም ወር ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ የማንም ዕዳ የለብኝም። የሃያ ወር የባንክ ወረቀት አወጣሁ፣ በየወሩ የላኩት 200 አንድ በአንድ ይታያል። ዳኛችንም ደብዳቤ ጻፉልኝ። ዕጣው በሦስተኛው ወር ወጥቶልኝ ቢሆን ኖሮ የቀረው 17 ወር ዕዳ ተብሎ ይቆጠርብኝ ነበር። ቤት የምታስቡ ሰዎች ዕጣችሁን ለመጨረሻ አስቀሩ፣ በየወሩ የምትከፍሉትንም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በባንክ ላኩ። በዕቁቡ ጥያቄ ምክንያት የእኔ ጉዳይ ሦስት ሳምንት ተጓተተ፣ ግን አለቀ።

ስታምፕ ዲዩቲ የሚባለውን የቤት ግዢ ግብር አልከፈልኩም፤ እኔ ስገዛ ቤቴ ከግብሩ ወሰን በታች ነበር። አሁንም የመጀመሪያ ቤቱን ለሚገዛ ሰው ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ እስከ 300 ሺህ ድረስ ነጻ ነው፣ እዚህ ከተማ ደግሞ አብዛኛው ተያያዥ ቤት ከዚያ በታች ነው። የቤት ብድሩ፣ ሞርጌጁ፣ ለ30 ዓመት ሲሆን በወር 395 ፓውንድ እከፍላለሁ። ስከራይ የምከፍለው 550 ነበር።

ወደ እርጥበቱ ልምጣ፤ ይህን ሳታነቡ እንዲህ ያለ ቤት አትግዙ።

የሰርቬየሩ ሪፖርት የኋላው ክፍል ግድግዳ እርጥብ ነው፣ ባለሙያ ይየው ይላል። ባለሙያ ተብሎ የመጣው ሰው እርጥበት የማከም ሥራ የሚሸጥ ድርጅት ነው። ሁለት መርፌ ያለው መሣሪያ ግድግዳው ላይ ወጋ፣ መሣሪያው ጮኸ፣ ሰውየውም ውሃው ከመሬት ነው የሚመጣው አለ። ጡቡን በስቶ መድኃኒት ለመርጨትና እስከ ወገብ ድረስ አዲስ ልስን ለመለሰን 3,200 ጠየቀኝ። ልከፍል ነበር።

ጎረቤቴ አዛውንት እንግሊዛዊ ናቸው፤ ሬድካር ማቅለጫ ውስጥ 31 ዓመት ሠርተዋል። በኖቬምበር 2022 ትልቁ የማቅለጫ ምድጃ በፈንጂ ሲፈርስ ሰው ሊያይ ሲወጣ እሳቸው ከቤት አልወጡም። ቤት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ዝናብ እየዘነበ የጓሮዬን በር አንኳኩ። "ነይ ውጪ፣ ከውስጥ ሆነሽ አታይውም" አሉኝ። ጃንጥላ ይዘን ጓሮ ቆምን። ከጡቦቹ መካከል ከመሬት ከፍ ብላ የምትሄድ ቀጭን ጥቁር መስመር አሳዩኝ፤ ውሃ ከመሬት ወደ ግድግዳው እንዳይወጣ የተነጠፈ ስሌት ድንጋይ ነው። የእሳቸው ግድግዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር ትታያለች። የእኔ ላይ ግማሽ መንገድ ሄዳ ትጠፋለች። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ጓሮውን በኮንክሪት ላይ ኮንክሪት እያፈሰሱ ከመስመሯ በላይ ሁለት ጣት አስበልጠውታል። ቀና ስንል ደግሞ አሸንዳው መጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ውሃው ጠብ ጠብ እያለ በዚያው ግድግዳ ላይ ይወርዳል። "ግድግዳው አልታመመም፤ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክረውበት ነው" አሉኝ።

መድኃኒቱን ተውኩት። አንድ ግንበኛ ከግድግዳው ሥር ስንዝር የሚሰፋ ኮንክሪት ቆርጦ አውጥቶ ጠጠር ሞላበት፣ አሸንዳውን ገጠመ፤ 380 ፓውንድ። ከውስጥ የሲሚንቶውን ልስን አራግፎ ጥሬ ጡቡን ተወው። እነዚህ ግድግዳዎች እንደ አዲሶቹ ቤቶች መሃላቸው ባዶ አይደለም፤ ድፍን ጡብ ስለሆኑ ውሃውን ቀስ እያሉ ነው የሚለቁት። ስምንት ወር ፈጀ። ቀደም ሲል መዳፌን ሳስጠጋው ቀዝቃዛ ላብ የሚመስለው ቦታ አሁን ደረቅ ነው፣ በኖራ ተለስኗል።

ሌላው እርጥበት ግን ከእኛው ነው የሚመጣው። ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር የምጣዱ እንፋሎት ወጥ ቤቱን ሞልቶ መኝታ ቤት ድረስ ይወጣና የመስኮቱ ጥግ ላይ ሻጋታ ይሆናል። ከምጣዱ በላይ ወደ ውጪ የሚስብ ፋን አስገጠምኩ፣ የወጥ ቤቱንም በር ዘግቼ ነው የምጋግረው። ሊጡ በጃንዋሪ ብርድ ሦስት ቀን ቆይቶም አይቦካም፤ ቦይለሩ ያለበት ቁምሳጥን ውስጥ ሳስቀምጠው ግን ያድርና ይነሣል። ጤፉን ከሊድስ ነው የማስመጣው።

የማልወደውም አለ። መታጠቢያው ከወጥ ቤቱ ኋላ ስለሆነ ሌሊት ደረጃ ወርዶ ቀዝቃዛ ወለል ላይ መሄድ ነው፤ እናቴ መጥታ አብራኝ ብትኖር ለጉልበቷ ይከብዳታል። ከጎረቤት የሚለየን ግድግዳ ቀጭን ነው፣ የሬዲዮናቸው ድምፅ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሰማኛል። ከኋላ ያለው መተላለፊያ ላይ ተከራይ በለቀቀ ቁጥር ፍራሽ ይጣላል። አንዱ መንገድ ንጹሕ ሆኖ ቀጣዩ መንገድ ግማሽ ቤቱ ታሽጎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በፎቶ አትወስኑ። እኔ ከመግዛቴ በፊት ማክሰኞ ጠዋት፣ ዓርብ ማታና እሑድ ከሰዓት ሄጄ በመንገዱ ተመላልሻለሁ፤ ስንቱ ቤት መጋረጃ እንዳለው ቆጥሬያለሁ። ለንደን ለመሄድ አብዛኛውን ጊዜ ዳርሊንግተን ላይ ባቡር መቀየር አለ። ደመወዙ ትንሽ ነው። ዋጋው ጨምሮልኝ አተርፋለሁ ብሎ ለሚገዛ ሰው ይህን ሰፈር አልመክርም።

ሊኖርበት ለሚገዛ ግን እመክራለሁ፣ ከልቤ። ከሌሊት ሥራ ስመለስ አልበርት ፓርክን አቋርጬ ነው የምመጣው፤ ቀዝቃዛው አየር ደስ ይለኛል፣ ቁልፉም የራሴ ነው።

ከወዲያኛው ጎኔ ያለው ቤት በዚህ ወር ለሽያጭ ወጥቷል። ሊያየው የሚመጣ ሰው ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ይምጣና ከጓሮው በር ቆሞ አሸንዳውን ቀና ብሎ ይየው። እኔ ቤት ካለሁ በሬን ያንኳኳ፤ ጥቁሯን መስመር የቱ ጋ እንደምትጠፋ አሳየዋለሁ።