የቤት ስልክ ሶኬቶች፦ ማጣሪያ ይሻላል፣ ኤክስቴንሽኑን መቁረጥ ወይስ ፋይበር መጠበቅ?

አምስት ኪሎ ያለው የወላጆቼ ቤት አራት የስልክ ሶኬት አለው። አንዱ ሳሎን፣ አንዱ መኝታ ቤት፣ አንዱ ሰርቪስ ቤት። አራተኛው ቁም ሳጥን ጀርባ ተደብቆ የኖረ ነው። አባቴ ያን ሁሉ ያስገጠመው ስልክ በጠራ ቁጥር ሰው ከጓሮ እየሮጠ እንዳይመጣ ብሎ ነበር። ዛሬ የቤቱን ስልክ የምታነሳው እናቴ ብቻ ናት። ሽቦው ግን ግድግዳው ውስጥ አለ፤ ስልክ ሲጠራም ዋይፋዩ ይቋረጥ ነበር። ለዓመታት ቴሌን ስወቅስ ኖሬ ጥፋቱ የራሳችን ቤት ሆኖ አረፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ድምፅ በስልክ ሽቦ ላይ የሚሄደው ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ነው። የኤዲኤስኤል ኢንተርኔት በዚያው ሽቦ ላይ ከ25 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ተነስቶ እስከ 1.1 ሜጋ ኸርዝ ይደርሳል፤ ኤዲኤስኤል ቱ ፕላስ የሚባለው እስከ 2.2። ሁለቱ እንዳይረባበሹ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ማጣሪያ የማይፈታው ችግርም አለ። ምንም ያልተሰካበት የኤክስቴንሽን ሽቦ (ከዋናው መስመር ወደ ሌላ ሶኬት የሚሄደው ቅርንጫፍ) ውስጥ የገባ ምልክት ጫፉ ላይ ይመታና እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ዘግይቶ ስለሚመጣ ዋናውን ያበላሸዋል።

ስለዚህ በየሶኬቱ ትንሽ ማጣሪያ መሰካት ከሁሉ የቀለለው መንገድ ነው፤ ካቻቢቴ እንኳ አይጠይቅም። ተከራይ ከሆናችሁ ምርጫችሁ ይኼው ነው። ግን አንድ ስልክ ወይም ፋክስ ያለ ማጣሪያ ከቀረ ልፋቱ ከንቱ ነው። ማሚቶውም እዚያው ይቀራል።

እኔ የመረጥኩት ሁለተኛውን ነው፤ መስመሩ ቤት በሚገባበት ቦታ አንድ ስፕሊተር፣ ማለትም የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት የሚለይ ሳጥን፣ አስገብቶ የማይፈለገውን ኤክስቴንሽን ማለያየት። ከውጭ የመጣው መስመር በአንዱ ቀዳዳ ይገባል፣ በአንዱ ወደ ሞደም ይወጣል፣ በሌላው ወደ ስልኮቹ ይሄዳል። ጥቅሙ ኤክስቴንሽኖቹ በሙሉ ከማጣሪያው ኋላ መዋላቸው ነው። የሚፈለገውን ስልክ ማቆየት፣ የማይፈለገውን ማለያየት ይቻላል። የእናቴ መኝታ ቤት ስልክ እስከ ዛሬ ይጠራል። ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፤ አንዱን መስመር ለሁለት የሚከፍል ተራ ማከፋፈያ መልኩ ስፕሊተር ይመስላል፣ ውስጡ ግን ምንም ማጣሪያ የለውም።

ወጪ ከማውጣታችሁ በፊት በነፃ ፈትኑ። ሌሎቹን ሶኬቶች መስመሩ መጀመሪያ ከሚገባበት ሶኬት ላይ አለያዩና ሞደሙን እዚያው ሰኩት። ከዚያ የሞደሙን ገጽ ከፍታችሁ ኤስኤንአር የሚለውን ቁጥር (ምልክቱ ከኤሌክትሪክ ጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳየውን) ከማለያየታችሁ በፊት ከነበረው ጋር አስተያዩ። ከ6 ዲሲቤል በታች ከሆነ መቆራረጥ አይቀርም፤ ከ10 በላይ ደህና ነው። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ችግሩ ከውጭ ሊሆን ስለሚችል ለቴሌ 994 ደውሉ። የውጭውን ሽቦ ራሳችሁ አትነካኩ።

ሶኬት ማስወገድ ማለት ሽቦውን ከግድግዳው እኩል መቁረጥ አይደለም። አንድ ሠራተኛ እንዲያ አድርጎብኝ ሽቦውን መልሶ ለማግኘት ግድግዳ ቦርቡረናል። ከማገናኛው ላይ ፍቱት፣ እያንዳንዱን ሽቦ ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልሉና ወደ ውስጥ አስገቡት። ሶኬቶቹ በተከታታይ የተያያዙ ከሆነ መካከለኛውን ስትፈቱ ከሱ ኋላ ያሉት ሁሉ እንደሚሞቱ አትርሱ። መስመሩ ዝም ሲል 48 ቮልት ገደማ ነው፤ ሲጠራ ግን ወደ 90 ይጠጋል፣ እጅ ላይ ደስ አይልም። መብረቅ ባለበት የክረምት ከሰዓት ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት።

ሞደሙ ሩቅ ክፍል እንዲሆን ከፈለጋችሁ ጠፍጣፋውን የስልክ ገመድ አታስረዝሙት፤ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ስላልተጠማዘዙ ጫጫታ ይሰበስባል። ሞደሙን መግቢያው ላይ ትታችሁ የኔትወርክ ገመድ ዘርጉ፤ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። መርካቶ ስትገዙ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት። ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፤ ይሰበራል።

ሦስተኛው ፋይበር ነው፤ የድሮውን የመዳብ ሽቦ የሚተካ፣ በብርሃን የሚሠራ መስመር። ሰፈራችሁ ከደረሰ ለመዳቡ ገንዘብ አታፍሱ። ስልኩ ከፋይበሩ ሳጥን ላይ ይሰካል፤ የድሮው ኤክስቴንሽንም ከዚያ ሊሠራ ይችላል፣ አስቀድሞ ከውጭው የመዳብ መስመር ሙሉ በሙሉ እስከተለያየ ድረስ።

በኛ ቤት አሁን የሚሠሩት ሦስት ሶኬቶች ናቸው። አራተኛው ከመስመሩ ተለያይቷል፣ ግን አልነቀልኩትም። ያን ቁም ሳጥን የሚያነሳልኝ ሰው አላገኘሁም።