ከዚራ ያለችው የመጽሐፍ ኪራይ ቤት፣ ለፍቅር ልብ ወለድ ወዳጆች

ፍቅር የሌለበት መጽሐፍ አይዘልቅልኝም። ሃያ ገጽ ሳልደርስ እተወዋለሁ። እንዳልገዛ ደግሞ የዛሬ መጽሐፍ ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ላለፉት አራት ወራት ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር ያለች አንዲት ጠባብ የመጽሐፍ ኪራይ ቤት ደንበኛ ሆኛለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። 300 ብር ታስይዛላችሁ፣ ለሳምንት 40 ብር ትከፍላላችሁ። ስማችሁ ወፍራም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ጠዋት ሂዱ። ከስድስት ሰዓት በኋላ የድሬ ፀሐይ ስለሚበረታ ዘግተው ያርፋሉ፣ የሚከፍቱት ወደ አስር ሰዓት ነው።

ባለቤቱን ጋሼ እላቸዋለሁ። የፍቅር መጻሕፍቱን በደራሲ ስም አይደለም የደረደሩት። ላይኛው መደርደሪያ ፍቅረኞቹ መጨረሻ ላይ የሚገናኙበት፣ ታችኛው የማይገናኙበት። ገና በሩ ላይ ስቆም «አቦ፣ ዛሬ የላዩን ነው የታቹን?» ይሉኛል። እስካሁን የሰጡኝ አንድም መጽሐፍ አላሳፈራቸውም። ይህን ያህል አንባቢያቸውን የሚያውቅ ሻጭ ሌላ ቦታ አላጋጠመኝም።

ባለፈው ወር ከታችኛው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወሰድኩ። የሐዲስ አለማየሁን መጽሐፍ ልጅ ሆኜ የማውቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነበር። በዓይኔ ሳነበው ሌላ ነገር ታየኝ። በዛብህ ሰብለን የሚያገኛት ሊያስተምራት ሲገባ ነው። ሐዲስ በ1958 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በዚያ በተከበረ ቤት ውስጥ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ አሳማኝ ምክንያት ሰጥተዋቸዋል። እኔ ስጽፍ ሁሌ የሚያቅተኝ ይኸው ነው። ሰዎቼ እንዲሁ መንገድ ላይ ይጋጫሉ።

ቅጂው አርጅቷል፣ በካኪ ወረቀት ተለብጧል። በዛብህ የሚሸሽበት ገጽ ጠርዝ ላይ አንድ ሰው በእርሳስ «ለምን ይዟት አልሄደም?» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ፣ በሌላ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «ትከተለዋለች። አንብቢ» ይላል።

«አንብቢ»! ጠያቂዋ ሴት መሆኗን በምን አወቀ? ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጋሼን መዝገቡን አሳዩኝ ብላቸው «የሰው ንባብ አደራ ነው፣ እህቴ» ብለው ዘጉት። ቅር ቢለኝም አከበርኳቸው።

አሁን የራሴን ልብ ወለድ እየጻፍኩ ሦስተኛዋን ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይዣለሁ። እሷ የከዚራ ልጅ ናት፣ እሱ የመጋላ። ሁለቱም አንድ መጽሐፍ እየተቀባበሉ ይከራያሉ፣ ጠርዙ ላይ ይጻጻፋሉ። መሃላቸው የደቻቱ ወንዝ አለ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል። ታሪኩ ግን ጎርፉ ብዙ ሰው የበላበት የ1998 ክረምት ላይ ይደርሳል። መጽሐፉ በቀኑ አልተመለሰም። እዚህ ላይ ቆሜያለሁ። የቤተሰብ ሐዘን ያለበትን ሌሊት ለታሪክ ማሳመሪያ ማድረግ አልፈልግም፣ ስለዚህ ያዩትን ሰዎች እየጠየቅሁ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

የቤቱን ጉድለት ልንገራችሁ። አንዴ የወሰድኩት መጽሐፍ መጨረሻው ስምንት ገጽ ጎድሎት ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ልጁ በሩን ሲያንኳኳ ወረቀቱ አለቀ። በጣም ተናደድኩ። ጋሼ 40 ብሬን መለሱልኝ፣ መጨረሻውንም ቁጭ ብለው በቃላቸው ነገሩኝ። ቢሆንም ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻውን ገጽ ገልጣችሁ እዩ። አዳዲስ መጻሕፍትም ጥቂት ናቸው። ሴቶች የጻፏቸውን ፈልጌ ያገኘሁት አራት ብቻ ነው፣ ይጨምሩ ብዬ ለምኛቸዋለሁ።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን አራዝሜ ነው የያዝኩት። ሐሙስ ጠዋት እመልሳለሁ። ካኪ የለበሰውን ብላችሁ ጠይቁ።