ውሻና ህጻን ላለበት ቤት ሴፍቲ ጌት፣ ከ10 ወር በኋላ ያለኝ አስተያየት

ይሄን ሴፍቲ ጌት (ውሻና ህጻን እንዳያልፉ በር ወይ ደረጃ ላይ የሚገጠም አጭር የብረት በር ነው) የገዛነው የ7 ወር እርጉዝ ሆኜ ነው፣ አሁን ልጃችን 8 ወሯ ነው መዳህም ጀምራለች፣ ስለዚህ በደንብ ተጠቅመንበታል። ቡቺ ትልቅ ውሻ ነው፣ 6 አመት ሙሉ የቤቱ ልጅ እሱ ነበር፣ እውነት ለመናገር ከምጡ በላይ ያስጨነቀኝ የሱ ነገር ነው። ያየኝ ሁሉ ወይ እሰሩት ወይ ለሰው ስጡት ነው የሚለኝ፣ እኔ ደግሞ አንጀቴ አልቻለም። በር ዘግተን ለብቻው ስናረገው በሩን እየቧጨረ ያለቅሳል፣ በጌቱ ግን ያያታል፣ ያሸታታል፣ ድምጿን ይሰማል፣ አይደርስባትም። ለኔ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው።

መጀመሪያ የገዛነው ያለ ብሎን ግድግዳና ግድግዳ መሀል ተወጥሮ የሚቆመውን ነበር። ቡቺ ደረቱን ሲያስደግፍበት ተንሸራቶ ወደቀ፣ ደግነቱ ልጅቷ ገና አልተወለደችም። ከስሩ ደግሞ ጌቱ ሲከፈትም የማይነሳ ብረት አለው፣ ህጻን ታቅፋችሁ እግራችሁ ስር ስለማይታያችሁ ያደናቅፋል። ይሄኛው ግን በብሎን ግድግዳ ላይ የሚታሰር ነው፣ በድሪል መብሳት ይፈልጋል ግን ንቅንቅ አይልም። ደረጃ አናት ላይ የምታደርጉ ከሆነ የግድ በብሎን የሚታሰረውን ግዙ፣ ሌላውን እንዳትሞክሩት።

በአንድ እጅ መከፈቱ በጣም ተመችቶኛል። ያልወደድኩት መቀርቀሪያው ሲዘጋ ቋ የሚለው ነገር ነው፣ ስንት ቀን አስተኝቻት ቀስቅሶብኛል፣ በኋላ ጨርቅ ለጥፌበት ተሻለ። ቁመቱ 75 ሴንቲ ነው፣ የሚዘል ውሻ ካላችሁ አይበቃም። ትንሽ ውሻ ከሆነም በብረቶቹ መሀል እንዳይሾልክ ወይ ጭንቅላቱ እንዳይያዝ ለክታችሁ ግዙ።

እባካችሁ ከመውለዳችሁ በፊት ትከሉት። ከህጻኗ ጋር እኩል ቢመጣ ውሻው እሷ መጣችና ተከለከልኩ ነው የሚለው። እኛ ሁለት ወር ቀድመን ተክለን ከጌቱ ወዲያ ማዶ ምግቡን እየሰጠነው በስልክ የህጻን ለቅሶ እናሰማው ነበር፣ መጀመሪያ በጣም ቀንሰን ከዛ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከፍ እያረግን።

ህጻኗን ይዘን ቤት የመጣን ቀን ቡቺ አፍንጫውን በብረቶቹ መሀል አስገብቶ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ፣ ከንፈሩን ላስ ላስ አረገና ፊቱን አዙሮ አዛጋ። እንቅልፍ አይደለም፣ ጭንቀት ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስንል ትንፋሹ ረጋ አለ፣ በሶስተኛው ቀን እዛው ወለሉ ላይ አገጩን ጥሎ ተኛ።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የተሳሳትነው ነገር አለ፣ ስትተኛ ከሱ ጋር እንጫወታለን ስትነቃ ሂድ እንለዋለን። ይሄ ለውሻው እሷ ካለች ደስታ የለም ማለት ነው። ገለበጥነው፣ ሳጠባት ከጌቱ ማዶ የሚወደውን ነገር እወረውርለታለሁ፣ አሁን ድምጿን ሲሰማ ጅራቱን እየቆላ ነው የሚመጣው።

መዳህ ስትጀምር እንደገና ሌላ ፈተና ነው። አንድ ቀን ብረቱን ይዛ ስትጮህ አጉረመረመባት፣ ደንግጬ ልቆጣው ነበር ግን ተውኩት፣ ምክንያቱም ማጉረምረም ማስጠንቀቂያው ነው፣ እሱን ከከለከላችሁት ሌላ ቀን ሳያስጠነቅቅ ሊነክስ ይችላል። እሷን አንስቼ የሱን መኝታ ከጌቱ ራቅ አረግኩለት። ጌት አለ ብላችሁ ደግሞ ለአንድ ደቂቃም ሁለቱን ብቻቸውን እንዳትተዉ፣ ትልቅ ሰው አጠገባቸው ይኑር።

ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለመቀርቀሪያው ነው። አሁን ልጅቷ ብረቱን ይዛ መነሳት ስለጀመረች ብሎኖቹን በየሳምንቱ እናያለን፣ ባለፈው አንዷ ላልታ አግኝተን አጥብቀናታል።